ቁጭ ያላልንበት ሽምግልና

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔም ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ታላቅ እህቴ ሰባ ሞልቶሃል ትለኛለች። እሷ ግን የራሷን ዕድሜ ስትናገር ከእኔ ታንሳለች፤ ስለዚህ የእሷን ሒሳብ አልቀበልም።

ዳንግላ ላይ፣ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ጓሮው ውስጥ ሁለት የኪራይ ክፍል ያለው ቤት አለኝ። በአንደኛው ክፍል አንዲት መምህርት ተከራይታ ነበር። ያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ተከፍቶ ነበርና እዚያ ሒሳብ ታስተምራለች። አገሯ ደብረ ብርሃን ነው። ክፍሉን ልታይ የመጣች ቀን፣ ትንሽ ይበርዳል ብላት፣ “አባባ፣ እዚህ አገር ደግሞ ብርድ መቼ አለ” አለችኝ። በዚህ ወደድኳት። ቤቴን የሚያማርር ተከራይ አልወድም።

የዚች ልጅ ሳቅ እንደ ሌላው ሰው ሳቅ አልነበረም። መጀመሪያ ትታገለዋለች፤ አፏን በእጇ ትይዛለች፣ ዓይኗ እንባ ያቀርራል፤ ከዚያ ሲያሸንፋት ድንገት ይፈነዳል። ባለቤቴ ወጥ እያማሰለች ከሆነ ጭልፋዋ ከእጇ ይወድቃል። የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እደነግጥ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ግን ለመድኩት፤ እሷ ሳትስቅ የዋለች ቀን ቤቱ ሰው ያለበት አይመስለኝም ነበር።

በሁለተኛው ዓመቷ ሳቁ ጠፋ። እኔ ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት። ባለቤቴ ግን “ልጅቱ ደህና አይደለችም” አለችኝ። ምን ታውቂያለሽ ብላት፣ እህል በቅጡ አትበላም፣ ዘፈን አትከፍትም፣ ከሥራ ስትመለስ በሩን በቀስታ ነው የምትዘጋው አለች። በር በቀስታ የሚዘጋ ተከራይ ስመኝ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ሳገኝ ግን ደስ አላለኝም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋትና ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ምንም አለች። እኔ ምንም የሚባል መልስ አልቀበልም፤ ጎኗ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ነግራኝ እስክትጨርስ ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ አልፋ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው በሰላምታ ነው አለች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ነው፤ በጣም የተማረ ሰው ነው። እሱ ደህና አደርሽ ማለት ተወ። እሱ ሲተው ሌሎቹም አንድ በአንድ ተዉ። ሻይ ወደሚጠጡበት ስትገባ ወሬው ይቆማል፤ ስትወጣ ይቀጥላል። ስብሰባ አለ ብሎ የሚነግራት የለም፤ በማግሥቱ ግን ለምን ቀረሽ ትባላለች። ሰምታ ገብታ አንድ ነገር የተናገረች እንደሆነ ደግሞ የኃላፊው ምክትል “እሰይ፣ ጎበዟ” ብሎ ያጨበጭባል፤ የቀሩት ይስቃሉ። የቅዳሜ ጠዋቱ፣ የማታው፣ ማንም የማይፈልገው ክፍለ ጊዜ ሁሉ ለእሷ ይጻፋል። በመጨረሻ ቢሮው ጠቧል ተባለና ጠረጴዛዋ ወጥቶ የተሰበሩ ወንበሮች ወደሚጣሉበት መጋዘን ገባ። እዚያ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። መስኮት የለውም። አይጥ ግን አለው።

ይህን ስሰማ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የገባኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እኔ ባደግሁበት በኩል፣ ሰው ከማኅበር ሲገለል ልክ እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰላም አይባልም። እሳት አይሰጠውም። ከብቱ ቢጠፋ አብሮት የሚፈልግለት የለም። ነገር ግን ማንም በከንቱ አይገለልም። ወይ ድንበር ገፍቷል፣ ወይ በሐሰት ምሏል፣ ወይ የሰው ክምር አቃጥሏል። እና እንዲህ አልኳት፦

“ልጄ፣ ማንን በደልሽ?”

ቀና ብላ አየችኝ። “ማንንም አልበደልኩም።”

“እስቲ አስቢ። ሰው እንዲህ የሚደረገው በድሎ ነው።”

“አባባ፣ እርስዎም?” አለችና ተነሥታ ገባች። ያን ቀን በሩን በቀስታ አልዘጋችውም።

ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር መነጋገር ቀረ። ወሬዋን የምሰማው በባለቤቴ በኩል ነው። በሳምንቱ ባለቤቴ ልጅቱ ሥራዋን ልትለቅ ነው አለችኝ። ዓርብ ዕለት ለመሥሪያ ቤቷ ታስታውቃለች፤ ከዚያ ወንድሟ መጥቶ ዕቃዋን ይጭናል። ሌላ ሥራ አግኝታ አይደለም። ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚሁ ደመወዝ ነው፤ እሱንም ጥላ ልትሄድ ነው። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከምከርም እናቴ ቤት ድንች ስልጥ ልኑር ብላለች።

ይህ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። በሌላ ተከራይ ልተካት አልችልም ማለቴ አይደለም፤ ዳንግላ ላይ ክፍል ፆሙን አያድርም። ግን የበደለ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ አገር ለቆ አይሄድም። ሽማግሌ ይልካል፣ ይታረቃል፣ ከዚያ መሄድ ከፈለገ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፤ ሽማግሌ የሚሆንላት የለም። ነገሩ እስከዛሬ ያልተፈታው ለዚህ ነው አልኩ በልቤ። ስለዚህ እኔ እሄድላታለሁ።

ባለቤቴ አልስማማ አለች። “አልበደልኩም ብላለች እኮ።”

“ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።”

“እንግዲያ መጀመሪያ እሷን ጠይቃት።”

“ብጠይቃት እንቢ ትላለች።”

“አንተ ሰውዬ ግትር ነህ” አለችኝ። ይህን ከተጋባን ጀምሮ ስትለኝ ስለኖረች መልስ አልሰጠኋትም።

ሁለት ሰው ጨመርኩ። አንዱ የነፍስ አባታችን ናቸው፤ ቄስ ስለሆኑ ውሸት አይናገሩም፣ ለሽምግልና በዚህ በኩል ትንሽ ያስቸግራሉ። ሌላው ጎረቤቴ ነው። በወጣትነቱ ፈረሰኛ ነበር፤ አሁንም ምንም ብትጠይቁት የሚመልስላችሁ ስለ ፈረስ ነው። ስለ ልጁ ሠርግ ጠይቄው ስለ አንድ ዳማ ፈረስ ሲነግረኝ አምሽቷል።

ሐሙስ ጠዋት ጋቢያችንን ለብሰን፣ ዱላችንን ይዘን በጋሪ ተሳፈርን። ባለጋሪው ለቅሶ ነው ወይ አለን። ሽምግልና ነው አልነው። ደስ ብሎት ማንን ልትድሩ ነው አለ። ዩኒቨርሲቲ የተጣላ ሰው ልናስታርቅ ነው ብንለው ፈረሱን ገታ አድርጎ ወደ ኋላ ዞሮ አየን። እነሱም ይጣላሉ እንዴ አለ። እኔም ከዚያ ቀን በፊት እንደ እሱ ነበርኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው ዱላ ይዞ መግባት አይፈቀድም አለ። ጎረቤቴ ዱላዬን ከምሰጥ እግሬን እሰጣለሁ ብሎ ተገተረ። ጥበቃው የአዘና፣ የአካባቢያችን ልጅ ነው፤ ደግ ነው፤ ግን ደንብ ነው አለ። ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙትና በዚያው ቀስ ብለው ገቡ፤ ጥበቃው ቀና እስኪል እኛም ከነዱላችን ተከትለን ገባን። ከኋላ አባቶች፣ አባቶች ይል ነበር። ዞረን አላየንም።

እየጠየቅን የልጅቱን የትምህርት ክፍል አገኘነው። መምህራኑ ሁሉ አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበዋል፤ ሻይና ዳቦ ቀርቧል። ስብሰባ ነው። የእኛ ልጅ አልነበረችም፤ መቼም አልነገሯትም። ከጠረጴዛው ራስጌ ከረባት ያሰረ፣ ፊቱ ሞላ ያለ ሰው ተቀምጧል። ኃላፊው እሱ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ፤ ሌሎቹ ከመናገራቸው በፊት እሱን ያያሉ። ከጎኑ ያ የሚያጨበጭበው ምክትል አለ፤ ጠጉሩን የተቀባ ጎልማሳ።

በሩ ሥር ተሰልፈን ቆምን። ኃላፊው ብድግ ብሎ በትሕትና ተቀበለን። እኔ አስቀያሚ ሰው ነበር የጠበቅሁት፤ አልነበረም። አባቶች፣ ምን እንታዘዝ፣ ግቡ ተቀመጡ አለ።

“አንቀመጥም” አልን።

ለማያውቅ ሰው ልናገር። ለይቅርታ የተላከ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም፤ የቀረበለትንም አይቀምስም። ከጥንት እንዲህ ነው። መምህራኑ ይህን ያስታወሱ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሦስት ሽማግሌ ቆሞ እነሱ መቀመጥ አፈሩ። አንዱ ተነሣ። አጠገቡ ያለው ተነሣ። ወዲያው ቤቱ ሙሉ ቆመ። እኛ መቆም ሥራችን ነው፤ ዕድሜ ልካችንን ቅዳሴ ስንቆም የኖርን ነን። እነሱ ግን የወንበር ሰዎች ናቸው። አንድ ደልደል ያለ መምህር ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በግማሽ መቀመጫው ሊያርፍ ሲል ቄሱ ዝም ብለው አዩት፤ ተመልሶ ቆመ።

ንግግሩን እኔ ያዝኩ። “ልጃችን በድላዎታለች” አልኩት ለኃላፊው። “ምን እንዳደረገች እሷም አታውቀውም፤ ልጅ ናት። እርስዎ ይንገሩን። እሷን እንገሥጻለን፣ የሚካስም ካለ እንክሳለን። ብቻ ይቅር ይበሉልን።”

ፈገግ አለ። “አባቶች፣ የተሳሳተ ነገር ነው የደረሳችሁ። ማንም አልበደለኝም። እዚህ ያለው የሥራ ግንኙነት ነው።”

“የለም፣ ተበድለዋል።”

“አልተበደልኩም አልኩ እኮ።”

“ኧረ ክፉኛ ነው የተበደሉት። ያልተበደለ ሰው የሴት ልጅ ጠረጴዛ አስወጥቶ አይጥ ቤት አያስገባም። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። በከንቱ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ እንዴት ልመን?”

ብዙ ሰው ይህን በነገር ልወጋው ብዬ የተናገርኩት ይመስለዋል። አይደለም፤ ከልቤ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በዳይዋ እሷ ናት ብዬ ነው የሄድኩት። ሰውየው አልተበደልኩም እያለ ሲክድ የባሰ አዘንኩለት። ምን ያህል ቢጎዳ ነው ለመናገር እንኳ ያቃተው አልኩ።

ምክትሉ መሐል ገባና ጉዳያችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለጽሕፈት ቤቱ አስገቡ አለን። ራሳችን ከመጣን ወዲያ ጽሑፉ ለምን ያስፈልጋል አልኩት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ነገረን። ጎረቤቴ “ጨርሱ፣ እኛ እንጠብቃለን” አለና ዱላውን ተመርኩዞ ተመቻቸ። እነሱም ስብሰባቸውን ቆመው ሊቀጥሉ ሞከሩ፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እነሱ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሊያነብ ጎንበስ ሲል መነጽሩ ሻዩ ውስጥ ገባ። ዳር ላይ ጡረታው የተቃረበ የሚመስል ሸበቶ መምህር ነበር። እሱ ሹልክ ብሎ ወጣና ልጃችንን ይዟት መጣ።

ስታየን ፊቷ ተለዋወጠ። “አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ይቅርታ እየጠየቅንልሽ ነው።”

“የምን ይቅርታ?”

“እሱን ነው ሊነግረን ያልቻለው።”

እባክዎ ወደ ቤት ይሂዱልኝ፣ እኔ ነገ የምለቅ ሰው ነኝ፣ ምንም አያስፈልገኝም አለችኝ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረች። “እናንተም ስሙኝ። እኔ እዚህ ቤት ለማንም ክፉ አላደረግሁም። ለእርስዎም፣ ዶክተር፣ ምንም አላደረግሁም።”

“ምንም?” አለ ኃላፊው። ድምፁ ከቅድሙ ድምፅ ሌላ ነበር። “ስቀሽብኛል።”

ቄሱ በለስላሳ ቃል የት አሉት።

ከረባቱን ላላ አደረገ። አምና ጥር ላይ ነው አለ። የፈረሰኞቹ በዓል ሲከበር ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ እንግዶች ይዘው ሁሉም እንጅባራ ሄደው ነበር። ምክትሉ፣ ዶክተር ፈረስ ላይ ሆነው ፎቶ ይነሡ ብሎ አንድ የተሸለመ ፈረስ አስመጣ። ኃላፊው ከነሙሉ ልብሱ ወጣበት። ፈረሱ ትንሽ እንደ ተራመደ ኮርቻው ወደ ጎን መዞር ጀመረ። እሱም ከኮርቻው ጋር ቀስ እያለ ዞረ። ልጓሙን አልለቅም ብሎ ፈረሱ ሆድ ሥር ከደረሰ በኋላ፣ ፈረሶች ውሃ የሚጠጡበት ረግረግ ውስጥ በጀርባው አረፈ። እንግዶቹ እያዩ።

“ሜዳው ሙሉ ሳቀ” አለ። “የእሷ ግን ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። እስከዛሬ ይሰማኛል።”

እኔ እፎይ አልኩ። “ይኸው፣ ተበድለዋል አላልኩም?”

እሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። “በዚያ ነው? ዓመት ሙሉ በዚያ ነው?” አለች። ከዚያ ትግሉ ፊቷ ላይ ሲጀምር አየሁት። ያን ትግል አውቀዋለሁ። ዛሬ ከፈነዳ ነገሩ ሁሉ አለቀ ብዬ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፍ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ያን ቀን ስትስቂ ነበር ወይስ ስታለቅሽ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ሁለቱንም ነበር አለችኝ።

ጎረቤቴ እስከዚያ ድረስ ዱላውን ተመርኩዞ ያንቀላፋ ነበር። ፈረስ የሚል ቃል ሲሰማ ግን ነቃ። ፈረሱ ምን መልክ ነበር አለ። ቄሱ በክርናቸው ነካ አደረጉት፤ ፈረስ ልንዳኝ አልመጣንም ማለታቸው ነው። ዝም ያለ መሰለና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአገራችን ቋንቋ በአውኚ አንድ ነገር አለኝ። እዚያ ቤት አውኚ የሚሰማ ከእኛ ሌላ የለም ብለን ነበር፤ ሁሉም ከሌላ አገር የመጡ ናቸው ተብለናል።

ምክትሉ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አልሆነለትም። ጓደኞቹ ሁሉ ዞረው አዩት። ለካ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ እያለ ይኖር የነበረው የዚሁ የእኛ አገር፣ የግምጃ ቤት ከተማ ልጅ ኖሯል። ኃላፊው ምን ተባለ ብሎ ጠየቀው። ምክትሉ እንጃ አለ። ጎረቤቴ ወደ ጣሪያው ያያል። እኔ ነገሩን ላድበሰብስ አፌን ስከፍት ቄሱ ቀደሙኝ። ውሸት አይችሉም ብያችኋለሁ።

“እኔም ብሆን እስቅ ነበር ነው ያለው” አሉ።

ኃላፊው ምክትሉን አየው። “እና አንተ ምን አሳቀህ?”

ምክትሉ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ሸበቶው መምህር ከዳር ተናገረ።

“ዶክተር፣ እውነት ከተፈለገ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። ዞር ብዬ ነው እንጅ።”

“እኔ መኪና ውስጥ ገብቼ ነው የሳቅሁት” አለ ደልዳላው።

ሌላውም እኔም አለ። ከዚያ ማዶ አንዷ በነጠላዬ ሸፍኜ ነው አለች። አንድ በአንድ መጣ። እንደ ንስሐ ነው የሆነው፤ ቄሱም ሳያውቁት መስቀሉን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። ሁሉም ስቋል። ልዩነቱ የሌሎቹ ሳቅ መደበቅ የሚችል ሳቅ መሆኑ ነው፤ የእሷ አይችልም።

እኔ በዚህ ጊዜ ነው የነቃሁት። እስከዚያ ድረስ በዳይ ይዤ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ዞሬ አየሁና ለኃላፊው እንዲህ አልኩት፦

“እንግዲያ መጋዘኑ ሊጠባችሁ ነው።”

ማንም አልሳቀም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም የተናገርኩት።

እሷ ከግድግዳው ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። “ዶክተር፣ መሳቄ እውነት ነው። ከጎዳሁዎት ይቅርታ፤ ከልቤ ነው። ግን ሁሉም ስቆ መጋዘን የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ። ደህና አደርሽ የሚለኝ ሰው አጥቼ ከአይጥ ጋር ሳወራ ነው የከረምኩት። አይጥ ሲያልፍ ደህና አደርክ እለው ነበር።”

ይህን ስትል ሁሉም ዓይናቸውን ሰበሩ። ደልዳላው መምህር እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ባለነጠላዋ፣ እኔ ፈርቼ ነው፣ እኔንም ያገሉኛል ብዬ ነው አለች፤ ለማን እንደተናገረች አልታወቀም።

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። ጉልበቱም ደክሞት ይሆናል፤ ከገባን ጀምሮ ቆሟል። በመጨረሻ ወንበር ስቦ ወደ ቄሱ ገፋ አደረገ።

“ይቀመጡ፣ አባቴ” አለ።

“እሺ ማለትዎ ነው?” አልኩት።

“እሺ።”

ተቀመጥን። እነሱም እኩል ወንበራቸው ላይ ወደቁ፤ የወንበሩ ድምፅ በግ ከበረት ሲወጣ ይመስል ነበር። ሻዩ ቀዝቅዟል። ጠጣነው። ጎረቤቴ ዳቦውንም በላ፣ የእኔንም ጨመረ።

ቄሱ ግን አልጨረሱም። እርቅ ሁለት እግር አለው፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይጠይቋት አሉት። ኃላፊው አንድ ነገር አጉረመረመ። ጎረቤቴ አልተሰማም አለ። ሰውየው ቀና ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን በሚሰማ ድምፅ “ይቅር በይኝ” አላት።

እሺ ትላለች ብለን ጠበቅን። አላለችም።

“ጠረጴዛዬ ሲመለስ እነግርዎታለሁ” አለች።

ቄሱ ሊገሥጿት ነበር፤ ይቅርታ ቀጠሮ የለውም ሊሉ ነው። እጃቸውን ያዝኩ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ እሷ ስንናገር የዋልን እኛ ነን፤ አንዱን ነገር ራሷ ትወስን አልኩ። ኃላፊው ነገ ጠዋት ሠራተኛ አዝዤ አስመልሰዋለሁ አለ። ያወጣው ማን ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ምክትሉ ጫማውን አየ። እንግዲያ ያወጣው ይመልሰው አልኩና ተነሣን።

በጋሪ ስንመለስ እሷ አብራን አልተሳፈረችም፤ በባጃጅ ቀድማን ሄደች። ጎረቤቴ መንገዱን ሁሉ ስለ ፈረሱ መልክ ሳይነገረው መቅረቱን ሲያማርር ነበር። ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ዶክተሩ ከኮርቻው ጋር ዞሮ ፈረሱ ሆድ ሥር ገባ ስላት ምሰሶ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቁማ፣ በዳይ ናት ብለህ ነበር አይደል የሄድከው አለችኝ። ለጎረቤት ውሻ የሚሰጥ ነገር እንዳለ ጠየቅኋት።

ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ልጅቱ በሩ ላይ ቆመች። አልገባም አለች።

“አባባ፣ ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ ሽማግሌ ይዘው እንዳይመጡብኝ።”

“አልመጣም።”

“ይማሉልኝ።”

“መማል አልወድም። አልመጣም አልኩሽ።”

ባለቤቴን አየቻት፤ ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀችላት። ሰው በገዛ ቤቱ ምስክር ይፈለግበታል። ከዚያ ልጅቱ እንዲህ አለች፦ “ጠረጴዛው ነገ ካልተመለሰ፣ ያሰብኩትን አደርጋለሁ። መልቀቄ ነው። ከተመለሰ ግን አያለሁ።”

በማግሥቱ ጠዋት ማንም ሳይልከኝ በመጀመሪያው ጋሪ ሄድኩ። ሽማግሌ ይዘህ አትምጣ ነው የተባልኩት እንጅ ብቻህን አትምጣ አልተባልኩም። ጥበቃው አየኝና ሳይናገር እጁን ዘረጋ፤ እኔም ሳልናገር ዱላዬን ሰጠሁት። መጋዘኑ ፊት ለፊት እግሩ የተሰበረ ወንበር ግድግዳ አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ምክትሉ ብቻውን ይመጣል ብዬ ነበር። ኃላፊውም አብሮት መጣ። ኮቱን አውልቆ እጀታውን ሰብስቧል። ጠረጴዛውን ወዲያና ወዲህ ይዘው ሲወጡ በሩ ጠበባቸው፤ ያገቡት እንዴት እንደሆነ እንጃ። አባባ፣ ይህን ጎን ይያዙልን አለኝ ምክትሉ። እኔ ለማየት ነው የመጣሁ አልኩት። አቀኑት፣ አዞሩት፣ እጃቸው ተላጠ፣ ወጣ።

እሷ ቢሮው ውስጥ እጇን አጣምራ ትጠብቅ ነበር። የት ይቀመጥ አሏት።

“መስኮቱ ሥር።”

መስኮቱ ሥር የምክትሉ ጠረጴዛ ነው ያለው። ምክትሉ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው እሷን አየ፤ ከዚያ የምክትሉን ጠረጴዛ በአንድ በኩል ያዘና ያዝ እንጅ አለው። ገፍተው ዳር አደረጉትና የእሷን አስገቡ። ኃላፊው ወገቡን ይዞ ቀና አለ። እያለከለከ “ደህና አደርሽ” አላት።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና አደሩ” አለችው። ትንሽ ቆይታም “ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ነገር ነበር። ትቼዋለሁ” አለች።

ወንበሯን ስባ ስትቀመጥ መሳቢያው እንደሌለ አየች። መጋዘኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እኔ ተነሥቼ ሄድኩና ከነጠመኔው አመጣሁት። አልገባም አለኝ። አዙሬ ሞከርኩ፤ አልገባም። ከዚያ ጉልበቴን አስደግፌ ገፋሁት፤ ገባ።